በእብነ በረዱ ግርጌ የተጨመረው ስም

ሲኞራን እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የማደርሳቸው ጸሎት ጠምቶኝ አልነበረም። ተሽከርካሪ ወንበራቸውን የሚገፋ ሰው ስለሚያስፈልጋቸው ነው። ሥራዬ ባዳንቴ ነው፤ በጨዋ አማርኛ አረጋውያን ተንከባካቢ፣ በእኔ አማርኛ አሮጊት ጠባቂ። ያውም እዚያው እያደርኩ። ሮም፣ ፒኜቶ በሚባል ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሳቸው መኝታ ቤት ጋር ግድግዳ በምትጋራ ጠባብ ክፍል ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ከምሳ በኋላ የራሴ ነኝ። የቀረው ጊዜ የሳቸው ነው።

የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በቀኝ በኩል፣ ሻማ ማብሪያው አጠገብ ግድግዳው ላይ አንድ ግራጫ እብነ በረድ አለ። ከሰፈሩ ወደ ጦርነት ሄደው ያልተመለሱ ወንዶች ስም ተቀርጾበታል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ደሜ ፈላ። አገሬ ድረስ መጥተው የእኔን ሰዎች ሲገድሉ ለቀሩትም እዚህ አበባ ያስቀምጡላቸዋል ማለት ነው ብዬ፣ ማንን እንደምጠላ ለማወቅ ስም በስም አነበብኩ። የሞቱበት አገር አልተጻፈም። ስም ብቻ ነው። የቱን ጠልቼ የቱን ልተው? ተናድጄ ወጣሁ፤ በሚቀጥለው እሑድ ግን ተመልሼ እዚያው ቆምኩ፤ ምክንያቱም ሲኞራ ወንበራቸውን ሌላ ቦታ እንዳቆም አይፈቅዱልኝም።

«የመጨረሻውን አንብቢልኝ» ይሉኛል ሁልጊዜ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል።

አነብላቸዋለሁ። ስሞቹ በሙሉ በፊደል ተራ የተደረደሩ ናቸው፤ የመጨረሻው ብቻ ከተራው ወጥቶ ግርጌ ላይ ለብቻው ተቀምጧል። አቀራረጹም ይለያል፤ ፊደሎቹ ቀጠን ያሉ ናቸው። የሲኞራ ታላቅ ወንድም ነው። የትራም ጋራዥ ሠራተኛ ነበር። ሲለያቸው ትንሽ ልጅ ስለነበሩ ትዝ የሚላቸው ፊቱ አይደለም፤ ራሳቸውን ሲዳብሳቸው የእጁ የግራሶ ሽታ ነው። ወደ ሩሲያ ተላከ። ከዚያ አንዲት ወረቀት መጣች፤ ዲስፔርሶ ትላለች፣ የደረሰበት አልታወቀም ማለት ነው። እብነ በረዱ ሊሠራ ጊዜ ቄሱ እቤት ድረስ መጥተው ቢለምኑ እናታቸው እምቢ አሉ። ልጄን በቁሙ ድንጋይ ላይ አታስገቡብኝ ብለው ከዚያን ቀን ጀምሮ የዚህን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይረግጡ፣ ሌላ ሰፈር በእግራቸው እየሄዱ ሲያስቀድሱ ኖረው ሞቱ። ስሙን ሲኞራ ያስጨመሩት እናታቸውን ከቀበሩ በኋላ ነው።

«ታዲያ እሳቸው በሕይወት ሳሉ ለምን አላስጻፉትም?» ብዬ ጠየቅኳቸው አንድ ቀን።

«እናቴን ልግደላት እንዴ?» አሉኝ፤ ቆጣ ብለው።

ቀጥለው «ያንቺስ ወንድም እንዴት ነው?» አሉኝ። ወንድም እንዳለኝ ያውቃሉ፤ ፎቶውን መስታወቴ ጠርዝ ላይ ሰክቼዋለሁ።

«ደህና ነው» አልኩ።

አልነበረም። ወንድሜ ወታደር ነበር። ማትሪክ ውጤት ሳይመጣለት ሲቀር ተመዘገበ፤ ከዚህ የላክሁለትን ስኒከር «ለሰርጌ ነው» ብሎ አንድ ቀን እንኳ ሳያደርገው ሄደ። ሲስቅ ከአፉ በፊት ትከሻው ነው የሚስቀው። ወደ ሰሜን ከዘመተ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ከብዙ ወር በኋላ አንድ የጦር ጓደኛው ከሆስፒታል ደወለልኝ። «እህቴ፣ ታላቅ አንቺ ነሽ» አለኝ። «ለእናታችሁ እንዴት እንደሚነገር አንቺ ታውቂያለሽ።» አስከሬኑን አላመጡትም። ቀብረውት ሲያፈገፍጉ ቦታውን ጓደኛው ራሱ እንኳ በደንብ አላየውም። ስልኩ ሲመጣ የሲኞራን የአትክልት ሾርባ እያማሰልኩ ነበር። እሳቱን አጠፋሁ፣ በሳህን ጨለፍኩ፣ አበላኋቸው፣ አፋቸውን ጠረግኩ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ የቧንቧውን ውኃ ለቅቄ አለቀስኩ። ይህ ፎቅ ጮኸው የሚያለቅሱበት አይደለም፤ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል።

እናቴ የደም ግፊት አለባት። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰባስቦ፣ ማለዳ፣ ሐዘንተኛው ከቤቱ ሳይወጣ ደርሶ፣ ግራና ቀኝ የሚይዘው ተዘጋጅቶ ነው። እዚህ ሮም እንኳ ለአንዷ መርዶ ሲመጣ ሴቶቹ ተጠራርተው ቤቷ ይሄዳሉ። እኔ ቤት የለኝም። ሰው ቤት ለምታድር ሴት ማን መርዶ ይዞ ይመጣል? በሩ ሲንኳኳ ሲኞራ «ማነው?» ቢሉ ምን ሊባሉ ነው? እና እኔ ማንም ሳያረዳኝ፣ ማንም ሳይዘኝ፣ ሐዘኑን ለብቻዬ ያዝኩት። አገር ቤት ስሄድ የእድር ሰዎችን ሰብስቤ፣ እናቴን በእጄ ይዤ እነግራታለሁ ብዬ ወሰንኩ። አንድ ጊዜ ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ እድሳት ላይ ነው፣ አንድ ጊዜ ሲኞራ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል፤ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት አለፈ። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነው።

እስከዚያው እዋሻለሁ። «ጓደኛው ደውሎልኝ ነበር፤ ደህና ነው፣ ያሉበት ኔትዎርክ የለም አለኝ» እላታለሁ። እሷም «እሰይ፣ እመቤቴ ትጠብቀው» ትለኛለች። አንድ ቀን እንዲያውም ራሷ «ወንድምሽ ሰላም በሉልኝ ብሏል አሉ» አለችኝ። ጎረቤት ሊያጽናናት ዋሽቷት ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

የአገሬ ሴቶች ሐሙስ ሐሙስ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ይገናኛሉ። ድሮ እሄድ ነበር፤ ተውኩት። ገና ስንሳሳም «ቤተሰብ ደህና?» ይላሉ፤ እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ የበላሁት አይስማማኝም። ስለዚህ ትራም ላይ ወጥቼ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄጄ በዚያው እመለሳለሁ። ሹፌሮቹ ለምደውኛል።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል በየዓመቱ እሑድ ቀን እብነ በረዱ ፊት ሥነ ሥርዓት አለ። የአበባ ጉንጉን ይመጣል፣ ከማዘጋጃ ቤት ባለ ሦስት ቀለም ሻሽ ትከሻው ላይ ያጠለቀ ሰው ይመጣል፣ አንድ ሽማግሌ በማይክሮፎን ስሞቹን ያነባሉ። ከእያንዳንዱ ስም በኋላ ደወል ይመታል። ባለፈው ዓመት ከሲኞራ በቀር የሟች ዘመድ ነኝ የሚል ሰው አልነበረም። የመጣው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ግማሹ ዝናብ ሊጠለል የገባ ይመስለኛል። ሲኞራ እጄን ይዘው፣ አንገታቸውን አስግገው ይሰሙ ነበር። የመጨረሻው ስም ሲጠራ ጨበጥ አደረጉኝ።

«ይኸው» አሉ። «ጠሩት።»

ቀናሁ። ሰው በሞተ ሰው ይቀናል? እኔ ቀናሁ። ሰማንያ ዓመት አልፎት እንኳ ስሙ በማይክሮፎን ይጠራል፤ ደወል ይመታለታል። ወንድሜን አንድም ሰው፣ አንድም ቦታ፣ አንድም ቀን አልጠራውም። እኔ ራሴ ስሙን ጮክ ብዬ የምጠራው ለመዋሸት ብቻ ነው። ሲኞራን ምሳ አብልቼ አስተኛኋቸውና ኮቴን ይዤ ወጣሁ።

የእኛ ሰዎች የሚያስቀድሱት ከጣልያኖች በተዋሱት ቤተ ክርስቲያን ነው። በሥራዬ ምክንያት ቅዳሴ ላይ ደርሼ አላውቅም፤ ስገባ ሁልጊዜ ሰው እየወጣ፣ ወንበር ወደ ቦታው እየተመለሰ ነው። ያን ቀንም ቄሱ ልብሰ ተክህኖ እያጣጠፉ ደረስኩ።

«አባ፣ በጸሎት ስም ላስጠራ ፈልጌ ነበር።»

«ቫ ቤኔ፣ እሺ ልጄ» አሉኝ፤ ሮም ያልነካው ቄስ የለም። ደብተራቸውን ገለጡ። «ከሕያዋን ነው ከሙታን?»

አላሰብኩበትም ነበር። «ከሙታን» አልኩ፤ ለሳቸው እንኳ መሰማቱን እንጃ።

«የክርስትና ስሙ ማነው?»

የወንድሜን ስም ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄማ የቤት ስሙ ነው፤ የመንግሥት ወረቀት ላይ የሚጻፈው። መቅደስ ውስጥ በዚህ አንጠራውም። ክርስትና ሲነሣ የወጣለትን ነው የምፈልገው።»

«አላውቀውም፣ አባ።»

«እናት አለችው?»

«አለች።»

«አሎራ፣ እንግዲህ እሷን ጠይቂያት» አሉና ብዕራቸውን ከደኑት። በደግነት ነው ያሉት፤ ምን እንዳዘዙኝ ግን አያውቁም።

ክርስትና ሲነሣ ስምንት ዓመቴ ነበር። ስሙ ሲወጣለት እኔ ቅጽረ ግቢው ውስጥ ከልጆች ጋር እሮጥ ነበር። የክርስትና አባቱ ሞተዋል። የክርስትና ስም ደግሞ እንደ ቤት ስም አደባባይ አይወጣም፤ የክፉ ሰው ጆሮ እንዳይገባ ይደበቃል። ከእናቴ በቀር የሚያውቅ የለም። ልትሰማው የማልፈልገውን ሞት ለማስጠራት እሷኑ መጠየቅ አለብኝ። ያን ሳምንት እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም፤ ሲኞራ እንኳ «ምን ሆነሻል? ጨው ረስተሻል» አሉኝ። እስከ ሐሙስ ውሸቱን ስፈትል ከረምኩ።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ፒኜቶ ትንሿ አደባባይ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ደወልኩ። ፊቴን እንዳታይ ቪዲዮውን አጠፋሁት።

«እማ፣ እዚህ ቄሱ ለሕያዋን ጸሎት ስም እየመዘገቡ ነው። የሁላችንንም ላስጽፍ ብዬ።»

«ተባረኪ፣ የኔ ልጅ። ጻፊ» አለችና የራሷን ነገረችኝ፣ የእኔን ነገረችኝ።

«የእሱስ?»

ኔትዎርክ የጠፋ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። በእሷ በኩል የጎረቤት በር ሲዘጋ ተሰማኝ፤ መስመር ላይ ናት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል፣ ስሙን ነገረችኝ።

«ጻፍሽው?»

«ጻፍኩት።»

እዚህ አላሰፍረውም። ያኔ ግን በግራ እጄ መዳፍ ላይ ጽፌው፣ ለሰው የማይነግሩት ዓይነት ደስታ ተሰማኝ። ተሳካልኝ፤ አልጠረጠረችም።

«በይ እማ፣ ሥራ ልግባ» አልኩ።

«ቆይ» አለችኝ። ትንፋሿ ይሰማኛል። «ልጄ... እሱን ከሕያዋን ጋር እንዳታስጽፊው። እግዚአብሔር ፊት አይዋሽም።»

መጮህ ነበረብኝ። ምን ማለትሽ ነው ማለት ነበረብኝ። አንድም ቃል አልወጣኝም፤ ከዝምታዬ ሁሉንም ሰማችው።

«ታውቂ ኖሯል» አለች።

ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። የእድር ሰዎች ማለዳ መጥተው ያረዷት፣ ለእኔ ከተደወለ ገና ወር ሳይሞላ ነው። አርባውንም ሙት ዓመቱንም አውጥታለች። ዓመት ሙሉ ከል ለብሳ፣ እኔ በቪዲዮ ስደውል ከላይ ነጭ ነጠላ ጣል እያደረገች ታናግረኝ ነበር። ጎረቤቱን፣ ዘመዱን፣ ሁሉንም በመሐላ አፉን ዘግታዋለች።

«ለምን፣ እማ?»

«ሰው ቤት ነሽ፤ ማን ይይዝሻል ብዬ» አለችኝ። «ስትመጪ በእጄ ይዤ ልነግርሽ ነበር።»

ላንድ ሰው ሁለት ዓመት ለየብቻችን አልቅሰናል።

«እንግዲህ አልቅሺ» አለችኝ። «ይዤሻለሁ።»

አግዳሚው ላይ ወንድሜን በስሙ እየጠራሁ ጮኼ አለቀስኩ። መንገደኛው ቆሞ አየኝ። እናቴ ስልኩን አልዘጋችም።