የቢላ ተራዬን ያሳጣኝ መጥረጊያ

ከነቀምቴ ወደ ቢላ ከተማ ከሚሄደው መስመር ያባረሩኝ የዝናብ መጥረጊያዬ ስለጮኸ ነው። ሰው አልገጨሁም። ጠጥቼ አልነዳሁም። ትርፍ እንኳ የምጭነው ከሌላው ሾፌር እኩል ነው። መጥረጊያዬ ጮኸ፣ አንድ ባለሥልጣን እንቅልፍ አጣ፣ እኔ ተራዬን አጣሁ።

ሚኒባሷ አሮጌ ናት። ከእኔ በፊት ሦስት ባለቤት ጨርሳለች። የጎን በሯ በገመድ ይታሰራል። የኋላ ጎማዋ እንደ እኔ አናት መላጣ ነው። ይህን ሁሉ የነቀምቴ መናኸሪያ ሰው በየቀኑ ያያል፣ ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም። መላጣ ጎማ አይጮኽማ። እኛ ዘንድ የሚከሰሰው የሚጮኸው ነው።

ባለሥልጣኑ የተቀመጠው ጋቢና ነበር። ቢላ የሚሄደው ለወረዳ ሠራተኞች ስለ ቅሬታ አቀባበል ሥልጠና ሊሰጥ እንደሆነ አጠገቡ ላለው ሰው ሲያወራ ሰምቻለሁ። ከከተማ ሳንወጣ ዝናቡ ወረደ። መጥረጊያውን አስነሳሁት። ሲሄድ ይንቀጠቀጣል፣ ሲመለስ ሊታረድ እንደተያዘ ፍየል ይጮኻል። ሰውዬው ዓይኑን ጨፈነ፣ ገለጠ፣ ደግሞ ጨፈነ። በመጨረሻ ይህን ነገር ማጥፋት አይቻልም ወይ አለኝ።

«ይቻላል፤ ግን ገደል እንገባለን» አልኩት።

ከኋላ ያሉት ሳቁ። የጎዳኝ ጩኸቱ ሳይሆን ያ ሳቅ ይመስለኛል።

በሳምንቱ ተራ አስከባሪው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዞ መጣ። ላንብብልህ አለኝ። እስከ አርባ ዓመቴ በአውራ ጣቴ ስፈርም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እሱ ያንን ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ከጎልማሶች ጋር አግዳሚ ላይ ተጣብቤ ፊደል መቁጠሬን ግን አልሰማም። «ለጊዜው በዲጋ መስመር እንድትሠራ በአክብሮት ጠይቀውሃል» ብሎ አነበበልኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ ራሴ አየሁት። አክብሮት የሚባል ቃል የለበትም። በዝናብ ጊዜ የመንገደኛን እረፍት የሚያውክ ተሽከርካሪ ጉድለቱ ተስተካክሎ በኮሚቴ እስኪረጋገጥ ከቢላ ስምሪት ታግዷል ነው የሚለው። እስከ ነሐሴ አጋማሽ ካልተስተካከለ ተራው ለሌላ ይሰጣል። ማንበብ መማሬ የጠቀመኝ ይህን ነው። ድሮ ቢሆን ተከብሬ እባረር ነበር።

ዲጋ ቅርብ ነው። ሰው ወንበሩ ሳይሞቀው ይወርዳል። የቢላ ሾፌር ስትሆን ሰው ዕቃ አደራ ይልሃል፣ መልእክት ይሰጥሃል፣ ሠርግ ይጠራሃል። የዲጋ ሾፌር የባጃጅ ታላቅ ወንድም ነው።

ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ መስታወቱ ላይ ጆሮውን ለጥፎ እንደ ሐኪም አዳመጠ። ላስቲኩ ደርቋል ብሎ አዲስ አደረገልኝ። ጮኸ። ክንዱ ተጣሟል አለ። ላስቲኩ ሲሄድም ሲመለስም ጎኑን እያገላበጠ መተኛት አለበት እንጂ እንደ እንጨት መገተር የለበትም ብሎ ክንዱን በፒንሳ ጠመዘዘው። እውነት ለመናገር መንቀጥቀጡ ቀነሰ። ጩኸቱ ግን ያው ነው።

ይህን ጊዜ መናኸሪያው ሁሉ መካኒክ ሆነ። አንዱ መስታወቱን በድንች እሸው አለኝ፣ ሌላው በትምባሆ። ትምባሆው ሳይሻል አይቀርም ነበር። ነገር ግን ሚስቴ በቤተ ክርስቲያን ኳየር ትዘምራለች። ሲጋራ የገዛሁት ለመስታወት ነው ብል ማን ያምነኛል? በድንች አሸሁት። ድንች ድንች የሚሸት ጩኸት ሆነ።

ሦስተኛ ጊዜ ስመለስ መካኒኩ ምንም አልፈታም። ጣቱን መስታወቱ ላይ ጎተተና አሸተተው። ደግሞ አሸተተው።

«ኦቦ፣ በዚች መኪና ወጥ ትሠራላችሁ እንዴ?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ዳዳ ነዋ። ቅቤ። ያውም ለጋ።»

ላስቲኩ ቅቤ ያለበት ላይ ይንሸራተታል፣ ቅቤ የሌለበት ላይ ይያዛል፤ ሸርተት ያዝ፣ ሸርተት ያዝ ሲል ነው የሚጮኸው ብሎ አስረዳኝ። እኔ መስማቱን ትቼ ነበር። ቅቤው ከየት እንደመጣ ገብቶኛል።

አማቴ፣ የሚስቴ እናት፣ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። መኪናዋ የተገዛች ዕለት ሽማግሌዎች መርቀው ግንባሯን ቅቤ ቀብተዋታል። እዚህ የሚመረቅ ሰው አናቱን ቅቤ ይቀባል፤ መኪናም እንጀራችን ናትና አልቀረባትም። እኔ ያ የአንድ ቀን ነገር መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ማለዳ በመስኮት ባይ፣ አማቴ በርጩማ ላይ ቆመው፣ በኮባ ቅጠል የያዙትን ቅቤ መስታወቱን ከዳር እስከ ዳር ስስ አድርገው ያለብሱታል። «ነጋን ዴሚ፣ ነጋን ገሊ» ይላሉ፤ በሰላም ሂጂ፣ በሰላም ግቢ። ለካ ባለፈው ክረምት መኪናዋ ተንሸራታ ከገደል አፋፍ ከተመለስኩ ጀምሮ አንድ ቅዳሜ አላለፋቸውም።

እኔ ከወሎ የመጣ ሰፋሪ ልጅ ነኝ፣ ያገባሁት ግን እዚሁ ነው። እዚህ አማች አማቱ ፊት አንገቱን ይደፋል። ስማቸውን አይጠራም። ምርቃትዎን ይተዉልኝ ማለትማ የማይታሰብ ነው። ለባለሥልጣን ሳልፈራ የመለስኩ ሰው በርጩማ ላይ የቆሙ አሮጊት ፈራሁ። ሚስቴን ንገሪልኝ አልኳት። እናቴ ነፍስህን ስትጠብቅ አንተ ተራ ትቆጥራለህ አለችኝ። ለቅቤስ ቤተ ክርስቲያን ምን ትላለች ብላት፣ ቅቤ ሃይማኖት የለውም አለች።

መስታወቱን በዱቄት ሳሙና፣ ቀጥሎ በአመድ፣ ቀጥሎ በሎሚ አጠብኩት። መጥረጊያው ዝም አለ። ነገር ግን ኮሚቴው የሚመጣው ማክሰኞ ነው፣ ከማክሰኞ በፊት ደግሞ ቅዳሜ አለ። ዓርብ ከሰዓት አንገቴን ደፍቼ ቀረብኩና በቋንቋቸው እናቴ ብዬ ጀመርኩ።

«ሀርሜ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የመኪና ግንባሯ የት ነው?»

«መስታወቱ ነዋ።»

«መስታወቱ ዓይኗ ነው።»

መኪናዋን ዞረው ዞረው አዩዋት።

«ዓይኗን ነው ስቀባ የከረምኩት? ታዲያ ስትጮኽ የሰነበተችው እያለቀሰች ነዋ።»

«እያለቀሰች ነው።»

«እርስዎስ አፍ የለዎትም?»

እሳቸውም አማችን አንተ አይሉም። ኮፈኑን በመዳፌ መታ መታ አደረግኩና ግንባሯ ይኸውልዎት አልኩ። በማግስቱ ኮፈኑ በቅቤ አበራ። መስታወቱን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላት፣ እንደ ልጅ ዓይን።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ቅሬታ አቅራቢው በአካል ይገኙ ተብሎ ባለሥልጣኑም መጣ። በነሐሴ ነቀምቴ ላይ ዝናብ የሚለምን ሰው አይቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ፀሐይ ወጣች። ደብዳቤው የሚለው በዝናብ ጊዜ ነው ብለው ዝናብ ሊጠብቁ ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ መላጣውን ጎማ ተደግፎ ነው የተቀመጠው። ውሃ በጄሪካን ይፍሰስ ብል ብዙ ተነጋግረው፣ በቃለ ጉባኤ ተይዞ ተፈቀደልኝ። ተራ አስከባሪው ጣሪያ ላይ ወጥቶ አፈሰሰ። ባለሥልጣኑ ጋቢና ገብቶ ሊያዳምጥ ተቀመጠ። መጥረጊያው ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሄደ፣ ተመለሰ። ሁለተኛው ጄሪካን ሲያልቅ ሊቀመንበሩ በመስኮት ጎንበስ ብሎ፣ «ክቡርነትዎ፣ ይጮኻል?» አለ።

የባለሥልጣኑ አገጭ ደረቱ ላይ ወድቋል።

የሚቀሰቅሰው ጠፋ። በሹክሹክታ ተመካከሩና፣ ቅሬታ አቅራቢው በፈተናው መካከል ስለተኙ ጉድለቱ መስተካከሉ ተረጋግጧል ብለው ጻፉ። ተራ አስከባሪው ላንብብልህ አላለኝም። ራሴ አነበብኩት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኮሚቴ እጅ የወጣ እውነት ነበር። በአውራ ጣቴ ሳይሆን በስሜ ፈረምኩ። ሊቀመንበሩ ተነስቶ ጎማው ያቆሸሸውን ሱሪውን አራገፈ። ጎማውን አላየውም።

የቢላ ተራዬ የተመለሰልኝ ነሐሴ 6 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ባለሥልጣኑ ሳይነቃ ነው።