የሀገረ ጽጌ በረኛ

ልጅ እያለሁ የራሴ ከተማ ነበረኝ። ንፋስ መውጫን ማለቴ አይደለም፤ እሷ የሁላችንም ነበረች፤ ጭቃዋም፣ ብርዷም፣ አጥንት ሰብሮ የሚገባው ነፋሷም። የእኔዋ ስሟ ሀገረ ጽጌ ነበር። ቤቶቿ ዛፍ ላይ የተሠሩ፣ ሰዎቿ ረጃጅምና ቀጫጭን፣ ጆሯቸው ደግሞ እንደ ወይራ ቅጠል ጫፉ የሾለ። ሰባት መቶ ዓመት ካልሞላቸው ፀጉራቸው አይሸብትም። ነፋስ በሯን አልፎ አይገባም፤ በክረምት የታጠበ ልብስም በአንድ ቀን ይደርቃል። ይህን የመጨረሻውን ሕግ ያወጣሁት ለእናቴ አዝኜ ነው።

ከተማዋን ያገኘኋት ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ቤተ መጻሕፍት ስላችሁ የእኔ እኩዮች ታውቁታላችሁ፤ አንድ ክፍል፣ ሁለት መደርደሪያ፣ የሚያፈስ ጣሪያ። አምስተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ሰኔ ዝናቡ ገብቶ በእርዳታ የመጡትን የእንግሊዝኛ መጻሕፍት አራሳቸው፤ መምህራችንም እጃቸው ንጹሕ ነው ያሏቸውን ጥቂት ልጆች መርጠው ገጽ በገጽ እየገለጥን እንድናደርቅ አዘዙን። የዚያ እርጥብ ወረቀት ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ መጽሐፍ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። በየገጹ ሥዕል ነው፤ ጆሮ ሹል ሰዎች፣ በግንድ ዙሪያ የሚጠመዘዝ ደረጃ፣ በቅጠል መካከል የሚበራ መስኮት። መምህሩ ሁኔታዬን አይተው "በይ እሱን ቤትሽ ወስደሽ አድርቂው፣ መስከረም ትመልሽዋለሽ" አሉኝ። በዚያ ቀን ከእኔ በላይ የተሾመ ሰው ንፋስ መውጫ ውስጥ አልነበረም።

እንግሊዝኛዬ ስሜንና ክፍሌን ከመናገር አያልፍም ነበርና ጽሑፉን ትቼ ሥዕሉን በማውቀው ተረጎምኩት። እኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ደን ባዶ ነው ብሎ የሚያድግ ልጅ የለም። ስውራን አባቶች ይኖሩበታል፣ ጉም ሲወርድ ይወጣሉ፣ ማንም ሳይደውለው የሚሰማው ደወል የእነሱ ነው ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ስውራን ካልሆኑ ማን ሊሆኑ ነው? ጆሯቸው የሾለው ላሊበላ የሚቀደሰውን ቅዳሴ እዚህ ሆነው ለመስማት ነው። ሴቶቹ ነጠላ ያልለበሱት ቤታቸው ስላሉ ነው። አንዱ የያዘው ቀስት አስቸግሮኝ ሁለት ቀን አሰብኩበት፤ በመጨረሻ የማሲንቆ መምቻ ነው ብዬ ወሰንኩ።

ይህን ሁሉ የምነግረው ለታናሽ እህቴ ለጥሩወርቅ ነበር። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ እኔ የነገርኳትን ነገር ለማንም አትነግርም። እኔ አሥራ ሁለት ሆኖኛል። አባታችን ለሥራ ስማዳ ስለሚከርም፣ እናታችን ከቤተ ክርስቲያን እስክትመለስ እሷን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። መጠበቅ ያልኩት ለወጉ ነው። ቁርሷን ቂጣ እሰጣትና መጽሐፌን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደን ጫፍ እሄዳለሁ። እዚያ አንዲት ትልቅ ጽድ አለች፤ ዝናብ አታስገባም። ሥሯ ቁጭ ብዬ ከተማዬን አስተዳድራለሁ። ጥሩወርቅ በኮንጎ ጫማዋ ጭቃውን እየረገጠች እስከ አጥሩ ትከተለኛለች። "እታለም፣ እኔንስ መች ትወስጅኛለሽ?" ትላለች። ቅልሞሽ እንጫወት ስትለኝ እንቢ፣ ሰኞ ማክሰኞ ስትለኝ እንቢ። በዚያ ክረምት ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር፤ ትልቅ ሰው ደግሞ ከሕፃን ጋር ጠጠር አይለቅምም።

ሐምሌን ሙሉ በዚህ ጥያቄ ስታሰለቸኝ ከርማ ፍልሰታ ሊገባ ሲል መገላገያ አገኘሁ። "ሀገረ ጽጌ እንዲሁ አይገባም" አልኳት። "የፍልሰታን አሥራ አምስት ቀን፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ እስከ ማታ የጾሙ ብቻ ናቸው በሩ የሚከፈትላቸው።" እኔ ራሴ ከስድስት ሰዓት አላልፍም ነበር። ነገሩን ለማክበድ ደግሞ ከገድል እንደሰማሁት አድርጌ አንድ ጨመርኩበት። "በመካከል አንድ የምትወጅው ሰው መጥቶ ከተማው የለም፣ ብይ ይልሻል። ፈተና ነውና እንዳትሰሚው።" ጥሩወርቅ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። እኔም ተገላገልኩ ብዬ መጽሐፌን ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እንዴት ደስ ይሉ እንደነበር። ጥያቄው ቆመ። ጥሩወርቅ ቂጣዋን ተቀብላኝ "እሺ፣ ሂጅ" ትለኝ ጀመር። ቂጣውን እሰጣታለሁ እንጂ ስትበላ አላይም። ዝም ማለቷን፣ መገርጣቷን፣ ግድግዳ ጥግ ቁጭ ማለቷን ሁሉ ለብርዱ ሰጠሁት። እናቴም ጾምና ስግደቱ አድክሟት ማታ ራታችንን በላን አልበላን ብቻ ነበር የምታየው፤ ማታ ደግሞ ጥሩወርቅ እንደ ጎልማሳ ትበላለች።

ዘጠነኛው ቀን እሁድ ነበርና ሦስታችንም ቅዳሴ ሄድን። ጥሩወርቅ ከእናቴ አጠገብ እንደቆመች ወደቀች። እናቴ አዝላት ወደ ጤና ጣቢያ ሮጠች፤ የነበሩት ነርስ አይተዋት "ትኩሳት የለባትም፣ አቅም አጥታ ነው፣ አብሏት" ብለው መለሱን። ችግሩ መብላቱ ላይ ነበር። አጥሚት ሲቀርብላት ጥርሷን ገጠመች። ውሃ ሲሰጧት ፊቷን አዞረች። ጎረቤቶች ዓይን ነው አሉ። እናቴም "ነገ በማለዳ ጠበል አስጠምቃታለሁ" አለች። በነሐሴ የንፋስ መውጫ ጠበል የጤነኛውን ሰው እንኳ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ነው፤ ያቺ ልጅ ደግሞ ነፍሷ በአፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያለች ትመስል ነበር።

እናቴ ውሃ ልትቀዳ ወጣ ስትል ጥሩወርቅ በዓይኗ ጠራችኝ። ጠጋ ስላት ጆሮዬ ሥር "እታለም፣ ስድስት ቀን ብቻ ቀረኝ" አለችኝ።

ተነሥቼ ዘወትር ከምትቀመጥበት ጥግ፣ ከጎታው ኋላ ብመለከት ቂጣው እንዳለ አለ፤ የፊተኛው እንደ ድንጋይ ደርቋል፣ አንዳንዱን አይጥ ጀማምሮታል። "ዋሽቼሽ ነው" አልኳት። "ሀገረ ጽጌ የሚባል የለም። መጽሐፍ ላይ ያየሁትን ነው ያወራሁልሽ። በናትሽ ብይ።" ጥሩወርቅ ባስታወስኩት ቁጥር በሚያሳፍረኝ ዓይን፣ በሐዘኔታ አየችኝ። "ትመጫለሽ ብዬ ነበር" አለች። "አውቄሻለሁ፣ ፈተናው ነሽ።" ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እውነቱን ተናግሬ የማልታመንበትን መንገድ አስቀድሜ ያዘጋጀሁት እኔው ነበርኩ።

ለእናቴ መናገር ፈራሁ፤ ዱላዋን ሳይሆን ፊቷን ነው የፈራሁት። መጽሐፉን ብብቴ ሥር አድርጌ በዝናብ ወደ ነፍስ አባታችን ወደ መምሬ አያሌው ቤት ሮጥኩ። ደጃፋቸው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቁጭ ብለዋል። እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። መጽሐፉን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉና ሥዕሎቹን ከመጀመሪያው ጀምረው ሳይቸኩሉ ያዩ ጀመር።

"ነጠላቸውስ?" አሉኝ።

"ቤታቸው ስላሉ ነው አባ።"

"እህ።" ገጽ ገለጡ። "ይህ ቀስት ነው እንዴ?"

"የማሲንቆ መምቻ ነው።"

ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ያስለቀስኳቸው መሰለኝ። ቆይተው "እና ይህን የአሥራ አምስት ቀኑን ሕግ ማን አወጣው?" ሲሉኝ "እኔ" አልኩ። "ውሃም የለ፣ እስከ ማታ?" "አዎ አባ።" "እኔንም ከበር ትመልሽኝ ነበርኮ ልጄ" ብለው መቋሚያቸውን አንሥተው ተነሡ።

ቤት ስንደርስ እናቴ መስቀላቸውን ተሳልማ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠቻቸው። ጥሩወርቅም ተሳለመችና አፏን መልሳ ገጠመች። መምሬ ከተማው አለ አላሉም፣ የለምም አላሉም። "የስድስት ዓመት ልጅ ጾም የለባትም፣ ቤተ ክርስቲያን አላዘዘችሽም" አሏት ረጋ ብለው። ጥሩወርቅ አፏን በጥቂቱ ከፍታ "የቤተ ክርስቲያን አይደለም አባ፣ የሀገረ ጽጌ ነው" አለች።

"ይሁና። በረኛው ማን ነው?"

ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። መምሬ ዞረው አዩኝ። "በይ እንግዲህ ክፈችላት።"

እናቴ ነገሩ ምንም ሳይገባት አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ታያለች። "ተከፍቷል" አልኩ። "ቀኑ ሳይሞላ?" አለች ጥሩወርቅ። ዘጠኙ ይበቃል አልኳት። "ማን አለ?" ስትለኝ ወደ መምሬ አየሁ፤ እሳቸው የቤታችንን ጣሪያ በጥሞና ይመረምራሉ። "እኔ ነኝ ያልኩት" አልኳት። "ፍልሰታ የተፈታ ለት እወስድሻለሁ።" ጥሩወርቅ ጥቂት አሰበችና አፏን ከፈተች። እናቴ አጥሚቱን በማንኪያ ስትሰጣት እጇ እየቸኮለ ግማሹ ነጠላዋ ላይ ይፈስስ ነበር። ያን እጅ ሳይ የተሰማኝ ሐፍረት ዛሬም ይሰማኛል። ነገሩን ሁሉ ከሰማች በኋላም አልመታችኝም። ከደረቀው ቂጣ አይጥ ያልነካውን ለቅማ በውሃ እያራሰች ሦስት ቀን እኔን ምሳ አበላችኝ።

የቀሩትን ስድስት ቀናት እሷ ስታገግም እኔ ከሳሁ። የምወስዳት የት ነው? በዓሉ ደረሰ፤ ቅዳሴ ወጥተን ምሳ እንደበላን እጄን ይዛ በር ላይ ቆመች። ጉም ወርዶ ደኑን ከወገቡ በላይ ውጦታል። የረጠበው አፈርና የጽዱ ሽታ ተደባልቆ ያውዳል፤ ከቅጠል ላይ ከሚንጠባጠበው ውሃ በቀር ድምፅ የለም። ጽዷ ሥር አቆምኳት። ጽድ፣ ኮሶ፣ ከቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ የዛፍ ሽበት፣ ሌላ ምንም። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ጥሩወርቅ አንገቷን አቅንታ ዙሪያውን አየችና "የሉም" አለች። "ለበዓሉ ቅዳሴ ሄደው ይሆናል። በሩን ግን ትተውልናል" ብላ እኔ የምቀመጥበት ቦታ ላይ ተቀመጠች፤ ከጎኗ ያለውን መሬትም በእጇ መታ መታ አደረገችልኝ። አምስት ጠጠር ለቀምን። ጉሙ እስኪጠቁር ድረስ ሀገረ ጽጌ ውስጥ ቅልሞሽ ተጫወትን፤ አሸነፈችኝ፤ ክረምቱን ሙሉ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

መጽሐፉን መስከረም ላይ መለስኩት። መምሬ አያሌው ካረፉ ቆይተዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር። ንፋስ መውጫም ባጃጁ በዝቶላት ደህና ከተማ ሆናለች። ባለፈው ዓመት የጥሩወርቅ ትልቋ ልጅ እኔ ጋ መጥታ እንደዚያ ዓይነት ጆሮ ሹል ሰዎች በስልክ አሳይታኝ ነበር፤ ይንቀሳቀሳሉ፣ ይናገራሉ፣ ከተማቸው ሌት እንደ ቀን ያበራል። በጣም ያምራሉ። ጆሯቸው ለምን ሾለ ብዬ ብጠይቃት "እንዲሁ ነው" አለችኝ። ለልጅቷ ትንሽ አዘንኩላት፤ ግን እሷም የራሷን ታገኛለች።

ጥሩወርቅ አሁን መካነ ኢየሱስ ከተማ መምህርት ናት። እኔ ባሕር ዳር ነው የምሠራው። ዘንድሮ በፍልሰታ ስንደዋወል እንደ ቀልድ "እውነቱን ንገሪኝ፣ ያኔ ሀገረ ጽጌ መኖሯን ታምኚ ነበር?" አልኳት።

"እንጃ እታለም፣ አላሰብኩበትም" አለችኝ። "አንች በየቀኑ ትሄጅ ነበር። እኔ አንች ያለሽበት መግባት ነበር የፈለግሁት።"

ጥሩወርቅ ቤት ከሠራች ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ ቤቷን አላየሁትም። መንገዱ ይመች፣ ክረምቱ ይውጣ፣ ሥራው ይቅለለኝ፣ ልጆቼ ፈተና ይጨርሱ እያልኩ ከርሜአለሁ፤ እሷም አንዱንም ሳትከራከረኝ እሺ እያለች ተቀብላኛለች። "ቅዳሜ እመጣለሁ" አልኳት። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ትንገላቻለሽ ብላ ልትመልሰኝ ሞከረች፤ አልሰማኋትም።

ቅዳሜ ከሰዓት መካነ ኢየሱስ መናኸሪያ ስወርድ ዝናቡ ይወርዳል። ጥሩወርቅ ጃንጥላ ይዛ ከሰው መካከል ብቅ አለች፤ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በጭቃ ተለውሷል፤ ከመቼ ጀምራ እንደቆመች አልነገረችኝም። ቦርሳዬን ነጠቀችኝ፣ እጄን ያዘችኝ፣ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ።