በእሷ የተላከከው ሞተር

ሞተር የሚሞተው በሙቀት ነው። ይህን ለማወቅ ጋራዥ መዋል አያስፈልግም፤ ውኃ የጨረሰ ድስት ያሳረረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኛ ቤት ግን አንድ ሞተር የሞተው በአንዲት ልጅ ገድ ነው ተብሎ ተፈርዷል። ልጅቷ ያን ዕለት ጊምቢ፣ እናቷ ቤት፣ እንግዳ እየጠበቀች ነበር። መኪናዋን አይታት እንኳ አታውቅም።

ጉዳዩ የታላቅ ወንድሜ ነው። ጊምቢ ሲሠራ ከተዋወቃት አስተማሪ ጋር ሊጋቡ ተስማሙ፤ የቀረው ሽማግሌ መላክ ነበር። ቤተሰቦቿ ቅዳሜን ቆረጡ፤ ከቀትር በፊት ድረሱ አሉ። እኛ አያታችን ከሸዋ መጥቶ ነቀምቴ የቀረብን፣ ጨለለቂ በሚባለው ሰፈሯ በኦሮምኛ ሰላም ተባብለን በአማርኛ የምንጣላ ሰዎች ነን። ስለዚህ አባባ የልጅቷን ወገኖች ሥርዓት የሚያውቁትን ጎረቤታችንን መሪ አድርጎ መረጠ። ሰፈሩ በሙሉ «ጃርሳ» ይላቸዋል፤ ሽማግሌው ማለት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ተጨመሩላቸው። መኪናዋ የአጎቴ ናት፤ የሚነዳውም እሱ ነው። ሙሽራ ለራሱ ሽምግልና አይሄድምና ወንድሜ ቤት ቀረ፤ እኔ ዕቃ ተሸካሚ ሆኜ ጋቢና ገባሁ።

መኪናዋ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ጭቃና ድንጋይ የማትፈራ የመስክ መኪና ናት። ራዲያተሯ ግን ከክረምቱ ጀምሮ ያፈስ ነበር። አጎቴ ቀዳዳውን በልብስ ሳሙና ደፍኖታል።

«አስበይደው እንጂ፣ ዳገት ነው የምትወጣው» አልኩት ከጉዞው በፊት።

«ብየዳ ይለቃል። ሳሙና ግን ሲሞቅ ይያያዛል። አንተ ግጥምህን ጻፍ።»

ቅዳሜ ማለዳ ጃርሳው የሰላምና የልመና ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ከግቢያችን ነጭተው በእጃቸው ያዙ። ከመሳፈራችን በፊት ደንቡን ነገሩን። ለዚህ ጉዳይ የወጣ ሰው መንገድ ላይ አይቆምም፤ ወደ ኋላም አይዞርም። ከቆመ ወይም ከዞረ የሚጠየቀው ቤት በሩ ይዘጋበታል። እውነቱን ለመናገር ደንቡን ወድጄው ነበር። በእግርና በበቅሎ ይኬድ በነበረበት ዘመን ዝናብና ስንፍና ሽማግሌን ከመንገድ እንዳያስቀሩት የወጣ ይመስለኛል። በቅሎ ደግሞ ሲደክማት ደንብ ሳትጠይቅ ትቆማለች።

አርጆ ጉደቱን አልፈን የዴዴሳን ድልድይ እስክንሻገር ሁሉም ደህና ነበር። ቁልቁለቱ ሞተሩን አላስቸገረውም። ከድልድዩ ወዲያ፣ ወደ ጊምቢ የሚያወጣውን ዳገት ስንጀምር፣ የሙቀቱ ቆጣሪ ከመሀል ተነሥቶ ሽቅብ መሄድ ጀመረ። እጄን ሰድጄ የጋቢናውን ማሞቂያ ከፈትኩት። ከሞተሩ ሙቀት ጥቂት እንደሚቀንስ አውቃለሁ።

«ምንድን ነው እሱ? በዚህ ቆላ እሳት ታነድብናለህ?» አሉ ከኋላ ካሉት አንዱ።

«የሞተሩን ሙቀት ወደ እኛ እየሳብኩለት ነው።»

«እኛ ምን አደረግነው?»

ተሳሳቁ። አጎቴ ማሞቂያውን ዘጋው።

«ቀዩን ሊነካ ነው፤ ዳር ያዝ» አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ቆጣሪው ነው የተበላሸው።»

«ሽታውስ?»

«ዝም በል አልኩህ።» በመስተዋቱ ወደ ኋላ አየ።

ጃርሳው ሰምተውናል። «ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ሰው ደጅ ወጥቶ እየጠበቀን የት ነው የምንቆመው?»

«እስኪበርድ ብቻ ነው ጃርሳ። እዚያ ከማንጎው ዛፍ ጥላ ሥር ትንሽ አርፎ ይነሣል።»

«አሁን ደግሞ ብረት ማረፍ ጀመረ? እየሄደ ነፋስ ይምታው። ንዳው አንተ።»

አጎቴም ነዳው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አጎቴ አላዋቂ አይደለም። ጭነት ይዞ በዚያ ዳገት በወጣ ቁጥር ከዚያው ዛፍ ሥር ቆሞ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ማንጎ እየበላ ሞተሩን ያበርድ ነበር፤ አብሬው በልቻለሁ። ያን ቀን ግን ከኋላው ጋቢ የለበሱ ሰዎች ተቀምጠዋል። መኪናህ ደከመች እንዳይሉት መኪናዋን ገደላት።

መጀመሪያ ጉልበቷ ከዳት። ቀጥሎ ሞተሩ ያንኳኳ ጀመር። ከጭስ ማውጫው የወጣው ነጭ እንፋሎት መንገዱን ከኋላችን ሸፈነው። መጨረሻ ላይ ማንንም ሳታስፈቅድ ቆመች። አጎቴ ዘሎ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተና «ተው፣ ይብረድ» እያልኩት የጄሪካኑን ቀዝቃዛ ውኃ በጋለው ብረት ላይ ደፋው። ብረቱ ጮኸ፤ ከውስጡም ቀጭን የመሰንጠቅ ድምፅ ሰማሁ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዝኩት። ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል። ውኃና ዘይት ተገናኝተዋል። ቴስታታ ከሚባለው የሞተሩ ክዳን ሥር የምትነጠፈው፣ ሁለቱን ለይታ የምትይዘው ስስ ጓርኒሲዮን ተቃጥላለች ማለት ነው።

ጃርሳው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና ሣሩን ከመንገዱ ዳር ጣሉት።

«አልተፈቀደም» አሉ።

ወዲያው አንድ ሚኒባስ ከታች መጣ። ሮጬ አስቆምኩት። ጊምቢ ነው የሚሄደው፤ ለሁላችንም የሚበቃ ቦታ አለው። ከቀትር በፊት እንደርሳለን።

«ጃርሳ፣ ግቡ። ቦታ አለ።»

«ዺሲ፣ ተወው። የተቋረጠ መንገድ አይቀጠልም።»

«ሰዎቹ ደጅ ወጥተው እየጠበቁን ነው አላላችሁም?»

«ልጅ ነህ፤ አይገባህም» አሉኝ ከሁለቱ አንዱ። ሚኒባሱ ባዶ ቦታውን ይዞ ሄደ። ሦስቱ ጋቢያቸውን አስተካክለው አስፋልቱን ተሻገሩና ወደ ነቀምቴ በሚመለስ መኪና ተሳፈሩ። ሞተር እንዲተርፍ ለአፍታ መቆምን የከለከለው ደንብ፣ ወደ ቤት መመለስ ሲሆን አፉን ዘጋ።

እኔና አጎቴ የሚጎትተን የጭነት መኪና እስኪገኝ ውለን ማታ ስንገባ ፍርዱ ተሰጥቶ ጠበቀን። የልጅቷ ገድ ጥሩ አይደለም። ይህን ካሉት ውስጥ ሁለቱ እሑድ እሑድ በገድ ማመን ኃጢአት ነው ብለው የሚመክሩን ሰዎች ናቸው። አጎቴም እጁን እየታጠበ አከለበት፤ «ስንት ዳገት የወጣች መኪና ነች፤ ለእሷ ጉዳይ ስትሄድ ነው የተሰበረችው።» ስለ ሳሙናው ቃል አልተነፈሰም።

መካኒኩ ቴስታታውን ሲያወርድ ጋራዥ ነበርኩ። የተቃጠለችውን ጓርኒሲዮን በጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ ቤት ወሰድኩ። ሁሉም ለእራት ተሰብስቦ ነበር፤ ወንድሜም አለ። ከፊታቸው ዘረጋሁላቸው። በሁለት ቀዳዳዎች መካከል ጠቁራ ተበልታለች።

«እዩት። ሙቀቱ በዚህ ሾልኮ ነው የወጣው። የማን ገድ ነው ይሄ?»

«ከገበታው ላይ አንሣው፤ ዘይት ነው» አለ አባባ።

ወንድሜ አየኝ። ጓርኒሲዮኗንም አያት። በዚያ ቤት ውስጥ እሱ አንድ ነገር ቢናገር ሁሉም ያደምጠው ነበር፤ የሚያገባው እሱ ነው። ጎረሰ፤ ውኃ ጠጣ፤ ተነሥቶ ወጣ።

በማግስቱ ልጅቷ ደወለችልኝ። ከወንድሜ ጋር ከተዋወቁ ጀምሮ ብዙ ጊዜ በስልክ ስለምንቀላለድ ቁጥሬ አላት። ያን ቀን ግን አልቀለደችም። የእሷ ወገኖች እስከ ማታ ድረስ ተቀምጠው ሲጠብቁ እንደነበር ነገረችኝ። ስለ ገዷ የተባለውም ደርሷታል፤ ነቀምቴ የተወራ ጊምቢ ለመድረስ ዳገት አያስቸግረውም።

«ስለ እነሱ አልጠይቅህም» አለች። «ያን ሲያወሩ ወንድምህ ቤት ነበር?»

«ነበር።»

«ምን አለ?»

የምናገረው ቃል የማይጠፋኝ ሰው ነኝ። ለእሱ የሚሆን አንድ ጥሩ ዓረፍተ ነገር መፍጠር እችል ነበር። ቀደመችኝ።

«እውነቱን ንገረኝ፤ አብሬው የምኖረው እኔ ነኝ።»

«ምንም አላለም።»

ከበስተኋላዋ የልጆች ጫጫታ ይሰማ ነበር፤ ትምህርት ቤት ሳትሆን አትቀርም።

«ነገ ልጅ ሲታመም፣ ከብት ሲሞት፣ ጣሪያ ሲያፈስ የማን ገድ ነው እንደሚባል አወቅሁ። እሱ ምን እንደሚልም አወቅሁ። ሌላ ሽማግሌ እንዳይልኩ ንገርልኝ።»

«ለእሱ ራስሽ ብትነግሪው አይሻልም?»

«እሱ ይደውልና እነግረዋለሁ።»

ወንድሜን ከደጃፉ ላይ ጫማውን ሲያስር አገኘሁት። ያለችውን ሁሉ፣ እንዳለችው፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት። ስልኩ ከጎኑ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል። እጁን ወደ ስልኩ ይሰድዳል ብዬ ጠበቅሁ። የጫማውን ማሰሪያ ጨርሶ ቀና አለ።

«አባባ ሰምቷል?» አለኝ።