እናቴ ያባዛችው ኮባ

እርጥብ የኮባ ቅጠል እሳት ላይ ሲለበለብ የሚሸተው ሽታ፣ ከየትኛውም ጎረቤት ቤት ይምጣ፣ ዛሬም ሥራዬን ያስጥለኛል። ለሌላው ሰው የዳቦ ሽታ ነው፤ የበዓል ዋዜማ ሽታ ነው። እኔን ግን ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቀው የጭቃ ቤታችን ጓሮ ይመልሰኝና፣ እናቴ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ መሬት ላይ ተንበርክካ፣ በመጥረቢያ ጉቶ ስትፈልጥ አያታለሁ። ዘመኑ የደርግ ዘመን ነበር፤ እኔ ገና ጥርሴን የምነቅል ልጅ ነበርሁ።

አባቴ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነበር። የጎጃም ሰው ሲሆን፣ በወጣትነቱ የመኪና ረዳት ሆኖ ጉራጌ አገር ሲመላለስ እናቴን አይቶ፣ ሽማግሌ ልኮ አገባት። ባሕር ዳር ይዟት ሲመጣ እሷ ገና ከመግባቷ ዞር ብላ ያየችው የቤቱን ጓሮ ነበር። በአገሯ ጓሮው እንሰት የሌለው ቤት፣ ቤት አይባልም። አባቴ ይህን እያነሣ ያሾፍባት ነበር። «እኛ ኮባ ነው የምንለው፤ ዳቦ እንጠቀልልበታለን እንጂ ማን ይበላዋል?» ይላታል። እሷም «ጠግባችሁ ነው» ትለውና ሁለቱም ይስቁ ነበር።

በአንድ በጋ መጀመሪያ ላይ አባቴ የተበላሸ ሞተር ሊሠራ ከሐይቁ ማዶ ወዳለው ቁንዝላ ሄደ። «እሑድን እዚሁ ነኝ» ብሎን ነበር። እሑድ የመጣው ግን ጀልባውን ያሠራው ሰውዬ ነበር፤ የአባቴን የመፍቻ ሣጥን ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ መግባትም መመለስም ቸግሮት በራችን ላይ ቆመ።

«እመቤት፣ ወደቡ ላይ አፈሱት» አላት። «ከሌሎቹ ጋር መኪና ላይ ጫኗቸው። ልጆች አሉኝ ቢል የሚሰማው አልነበረም። ወደ ሰሜን ነው የሚወስዷቸው ይላሉ።»

እናቴ ሣጥኑን ተቀብላ መሬት ላይ አስቀመጠችና ቀና ብላ፣ «ምሳውን በልቶ ነበር?» አለችው።

ወሬው አገሯ ደርሶ ኖሮ፣ ብዙም ሳይቆይ ወንድሟ በሾፌር መልእክት ላከባት፤ «ልጆችሽን ይዘሽ ነዪ፤ እዚህ እንሰቱ እያለ አትራቡም» የሚል ነበር። እናቴ አሻፈረኝ አለች። የምንኖርበት የቀበሌ ቤት ስለነበር፣ ለቀን በሄድን ማግሥት ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ አባቴ ከጦር ሜዳ ቢመለስ በሩን የሚከፍትለት የማያውቀው ሰው ይሆናል። ይህን ስታስብ ሰነበተችና፣ ወደ እንሰቱ መሄድ ካልቻለች እንሰቱን እዚሁ ለማብቀል ቆረጠች።

አጥር የሚለየን ጎረቤታችን እማማ የሺ ነበሩ። ባለቤታቸው መሪጌታ ናቸው፤ አንዱ የጣና ደሴት ገዳም ውስጥ ዜማ ስለሚያስተምሩ እቤት የሚገኙት አልፎ አልፎ ነበር። እማማ የሺ ጓሯቸው ጥግ አንዲት ትልቅ ኮባ ነበረቻቸው። እናቴ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ታዴን ይዛ ሄደችና፣ «እማማ የሺ፣ ይቺን ኮባ ከነሥሯ ይስጡኝ» አለቻቸው።

«ቅጠሉን ውሰጂ እንጂ ልጄ፤ ሥሯ ምን ይሠራልሻል?»

«ላባዛት ነው።»

«ለዳቦ ይኼ ሁሉ ኮባ?»

«ለዳቦ አይደለም። ለመብል ነው።»

እማማ የሺ አማተቡ። «በስመ አብ! ሰው ደሞ ኮባ ይበላል?» አሉ፤ ነገር ግን ፊቷን አይተው ዶማውን ከቤት አምጥተው ሰጧት።

በጥር ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ስትቆፍር ዋለች። ግንዱን ቆርጣ ጣለችው፤ ከመሬት የወጣውን፣ እንደ ድንጋይ የከበደ ጉቶ እየጎተትን ወደ ጓሯችን አመጣነውና እዚያ ለአራት ፈለጠችው። ከዚያም ከየፍላጩ መካከል ነጩን ነገር በቢላ እየፈለፈለች ታወጣ ጀመር። ለምን እንደምታወጣው ስጠይቃት ቀና ሳትል፣ «ልቡ ካለ አንድ ብቻ ነው የሚያበቅለው። ልቡ ሲወጣ ዙሪያውን ልጆች ያወጣል» አለችኝ። ፍላጮቹ ፀሐይ ላይ ጠውለግ እስኪሉ ጠብቃ፣ ከደረቅ ፍግ ጋር እየቀላቀለች ቀበረቻቸው።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ሆነ። ከአባቴ ሣጥን መፍቻዎቹን እያወጣች፣ ለጠጋኞች እየሰጠች በበቆሎ ትለውጥ ነበር፤ ከወደቡ በኩል የሞተር ድምፅ በተሰማ ቁጥር የያዘችውን ጥላ ትነሣና፣ ድምፁ እስኪጠፋ ቆማ ትቀራለች። ሚያዝያ ላይ አንደኛው ጉድጓድ መሽተት ጀመረ። ስትቆፍረው ፍላጩ በስብሶ በጣቶቿ መካከል ፈሰሰ፤ እጇን እንኳ ሳትታጠብ ቤት ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ታዴ እግሯ ሥር ተቀምጦ «እማዬ፣ እማዬ» ይል ነበር።

ግንቦት ሲገባ የቀሩት ፍላጮች አፈሩን ሰንጥቀው፣ እንደ ጥጃ ቀንድ የሾሉ አረንጓዴ ጫፎች አወጡ። ልቆጥራቸው ሞክሬ ተምታቱብኝ። እናቴ አባቴ ከሄደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ሳቀች።

«መቼ ነው የምንበላው?» አልኋት።

«አንቺ ትልቅ ሴት ስትሆኚ።»

«አባባ ቀድሞ ይመጣል አይደል?»

ጭድ አንሥታ ችግኞቹን ማልበስ ጀመረች።

የዚያ ዓመት ክረምት መልካም ነበር። በተከታዩ በጋ ችግኞቹን እየነጠለች፣ እያራራቀች በመስመር ተከለቻቸው፤ ከሐይቁ እየወጣ አትክልት የሚያወድመውን ጉማሬ ለመከላከል ዙሪያውን በእሾህ አጠረች። ከአንድ ጉቶ አንድ ጓሮ ሙሉ ሆኑ። ቀጥሎ የመጣው ክረምት ግን ክረምት አልነበረም። ሰኔ ደርቆ አለፈ፤ ሐምሌም እንዲሁ። እናቴና እኔ ከጣና ውሃ እየቀዳን ኮባዎቹን እናጠጣ ነበር፤ ከፊታችን ያ ሁሉ ውሃ ተኝቶ፣ ከላያችን ግን ጠብታ ያልያዘ ሰማይ ነበር። እህል ከገበያ ጠፋ። የአባቴም ሣጥን ባዶ ሆነ።

ታዴ ታመመ። እግሩ አበጠ፣ ፀጉሩ ቀላ፣ ከዚያም ማልቀስ ተወ፤ እናቴን ያስፈራት ማልቀስ መተዉ ነበር። አዝላው ጤና ጣቢያ ስትሄድ፣ «መድኃኒቱ ምግብ ነው» ብለው መለሷት። ስትመለስ ወደ ቤት አልገባችም። ልጁን እኔ ጀርባ ላይ አዛወረችና፣ በቀጥታ ወደ ጓሮው ሄዳ ዶማውን አነሣች።

«እማዬ፣ ገና ናቸው እኮ!» አልኋት።

«አውቃለሁ» አለችኝ።

የነጠላዋን ጠርዝ በጥርሷ ነክሳ ከሁሉም የተሻለችውን ነቀለች። የኮባዋ ጉቶ ገና ከሁለት ጭብጥ አይበልጥም ነበር። ፋቀችው፣ ቀቀለችው፣ መራራውን ውሃ ደፍታ እንደገና ቀቀለችውና እያላመጠች በጣቷ ለታዴ አጎረሰችው። መጀመሪያ አፉ ላይ ያዘው፤ ከዚያ ዋጠ። የተረፈውን እኔ በላሁ። ምላስ የሚይዝ፣ እንደ ጥሬ ድንች ያለ ነገር ነበር፤ ጨርሼ ድስቱን በጣቴ ጠረግሁ። እሷ መብላቷን ግን ትዝ አይለኝም።

እንዲህ እያልን ነሐሴን ኮባዎቹን እየነቀልን ገፋነው። ጓሮው እየተራቆተ ሄዶ አንዲት ብቻ ስትቀር፣ እናቴ ያቺን ለዘር ልትተዋት አስባ ነበር። አንድ ጠዋት እማማ የሺ አጥሩ ጋ መጥተው ቆሙ። የልጃቸው ልጆች ከገጠር ተሰድደው ቤታቸው ገብተው ነበር። ነጠላቸውን እስከ አፋቸው ተከናንበው መሬት መሬት እያዩ፣ «ልጄ… ያቺ ኮባ እንዴት ነው የምትቀቀለው?» አሉ።

እናቴ አንዴ ኮባዋን፣ አንዴ ታዴን አየች። ከዚያም ዶማውን አንሥታ ነቀለቻትና ለሁለት ከፍላ ግማሹን ሰጠቻቸው፤ አፋፋቁንም፣ ውሃውን አደፋፉንም አሳየቻቸው። እማማ የሺ ጉልበቷን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ደንግጣ ያዘቻቸው። «ተዉ እንጂ እማማ! እርስዎ የሰጡኝ ነው» አለች። ከዚያ «አሁን ምንም የለኝም» አለችና፣ ሁለቱ ሴቶች እዚያው የተቆፈረ አፈር ላይ ተቀምጠው አለቀሱ።

ያ ግማሽ ኮባ ካለቀ በኋላ የነበሩትን ቀናት በደንብ አላስታውሳቸውም። ቀበሌው የእርዳታ ስንዴ ማደል ሲጀምር ታዴ በሕይወት ነበር። አባቴ ግን አልመጣም። ደርግ ወድቆ ከሰሜን የሚመለሱ ወታደሮች፣ ጫማ የሌላቸው፣ ከንፈራቸው የደረቀ፣ በከተማችን ሲያልፉ፣ እናቴ እንስራ ተሸክማ መንገድ ዳር ትወጣና ውሃ እያጠጣች በስሙ ትጠይቃቸው ነበር። የሚያውቀው አልተገኘም። መርዶም አልመጣ፤ እርሟን ሳታወጣ አረጀች።

አሁን ፋሲሎ ሰፈር፣ እኔ ቤት ነው የምትኖረው። ዓይኗ ደክሟል። ታዴ ቆጋ መስኖ ላይ ስንዴና ድንች ያለማል፤ በየመከሩ ለእሷ ብሎ የሚልከው ጆንያ ጓዳውን ሞልቶ ኮሪደር ላይ ይተርፋል። በዚያ በደረቀው ክረምት እናቴ አንድም ቀን «ነገ ምን እንበላለን?» ስትል አልሰማኋትም። ዛሬ ዝናቡ ጥቂት ቀን ከዘገየ፣ ማለዳ ተነሥታ ግድግዳውን እየዳሰሰች ወደ እኔ ትመጣና «ለነገ አለን?» ትለኛለች። «አለን እማዬ» እላታለሁ። አታምነኝም። እጇን ይዤ ወደ ጓዳ እወስዳትና ጆንያዎቹን አስዳስሳታለሁ፤ አንዱን ጨርሳ ወደ ሌላው እየሄደች እስከ መጨረሻው ትዳስሳለች፣ ከዚያም «ይሁን» ብላ ተመልሳ ትተኛለች።