አባቴ ሱቁን የዘጋባት ቅዳሜ

ባለፈው ሳምንት አንዋር መስጊድ አጠገብ በቅመም ቤቶቹ በኩል ሳልፍ፣ አንዲት ሻጭ የጦስኝ ጆንያ ፈታች። ሽታው ሲያገኘኝ እግሬ ቀጥ አለ። ከኋላዬ ተሸካሚው «መንገድ! መንገድ!» ይላል፣ እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። አንኮበር ተራራ ላይ ነበርኩ።

ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ራጉኤል ጀርባ ካለው ግቢያችን አማርኛ ልትማር ከጃፓን የመጣች ልጅ ክፍል ተከራይታ ነበር። ቋንቋውን ከመጽሐፍ ስለተማረችው ሰፈርተኛው ይስቅ ነበር፤ እኛ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ!» ስንል እሷ ረዳቱን «እባክዎን፣ እወርድ ዘንድ ይፍቀዱልኝ» ትለዋለች።

አንድ ቀን እጄን ይዛ ወደ አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ወሰደችኝ።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ታሪካዊ ከተማ ልንጎበኝ ነው። ልጅዎ አብራኝ ትሂድ።»

እኔ ከአዲስ አበባ ወጥቼ አላውቅም ነበር። አባቴ ቅዳሜ ገበያ እንደሆነ ሊነግራት አፉን ከፍቶ፣ «ለመሆኑ የት ነው?» አላት።

«አንኮበር።»

ጨርቁ ላይ መቀሱ ቆመ። «አንኮበርማ አገሬ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ከዚያ የወጣው ገና ጎረምሳ ሳለ ነው፣ አንድም ቀን አልተመለሰም። ሲጠየቅ «ሲሞላልኝ እሄዳለሁ» ይል ነበር፤ መርካቶ ደግሞ ለማን ይሞላል! ወሬ ያመላልስለት የነበረ ዘመድ ከሞተ ወዲህ፣ አንዲት ታላቅ እህቱ ትሙት ትኑር እንኳ አያውቅም ነበር።

ልጅቷ አየችው፣ አየችውና፣ «ታዲያ እርስዎ ለምን አይመጡም?» አለችው።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ጋቢውን ደርቦ ከኛ ቀድሞ በር ላይ ቆሞ አገኘነው። ሱቃችን በቅዳሜ ተዘግቶ ስለማያውቅ ጎረቤት ነጋዴዎች መንገድ ላይ ይደውሉለት ጀመር። «ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?» «ኧረ ደህና ነን! አገሬ እየሄድኩ ነው!» እያለ ይጮኻል፣ አውቶቡሱ በሙሉ ይስቃል። ተማሪዎቹ በየቋንቋቸው ይዘፍናሉ፣ በመስኮቱ የገብስ ማሳ ሽታ ይገባል። ደብረ ብርሃንን እንዳለፍን አባቴ ሹፌሩ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ፤ ወንዙንም ጋራውንም በስሙ ይጠራ ጀመር።

ወደ ቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ የሚያወጣው አቀበት እኛን ወጣቶቹን ሲያለከልከን፣ እሱ ጫማው ሥር ጦስኙን እየደፈጠጠ ከፊት ፊት ይሮጣል። ጫፉ ላይ ጉም ነበር። ከዚያ ነፋስ መጣና ጉሙን ገፈፈው፣ መሬቱ ከእግራችን ሥር ቁልቁል ተዘርግቶ እስከ አፋር በረሃ ታየ። መርካቶ ላደገ ሰው ሰማይ ማለት በሁለት ቆርቆሮ መሀል የምትታይ ቁራጭ ናት። ጮኽኩ። ልጅቷም እጄን ይዛ በአገሯ ቋንቋ ጮኸች።

ዞር ስንል አንድ ሽማግሌ፣ የቦታው ጠባቂ፣ አባቴ ላይ አፍጥጠዋል።

«አንተ! የመሪጌታው ልጅ አይደለህም?»

አባቴ ኮፍያውን አወለቀ። «ነኝ፣ አባቴ።»

«እህትህ እኮ አለች! ያውልህ ቤቷ፣ ከታች ቆርቆሮው የሚያበራው።»

የሚደሰት መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ወደ ኋላ አፈገፈገ። «በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

«ባሉህ ሁለት ዓይኖች ነዋ! ሂድ ውረድ!» ሽማግሌው በዱላቸው ገፉት።

አውቶቡሱ ሊነሳ ትንሽ ነበር የቀረው። ልጅቷ ሮጣ አስተማሪዋን ለምና እንዲጠብቁን አደረገች፣ ከዚያ ሦስታችንም ቁልቁለቱን ተንደረደርን። አባቴን ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አክስቴ ግቢዋ ውስጥ ገብስ ታሰጣለች። እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ረጅም ጊዜ አየችው። ለካ ከቤት የወጣ ዕለት «ገበያ ደርሼ መጣሁ» ብሏት ነበር።

«ከገበያ መመለስህ አሁን ነው?» አለችው።

በጩኸቱ ተራውን የሚያናውጠው አባቴ ጉልበቷ ላይ ተደፋ። እሷ እያለቀሰችም እየሳቀችም ጀርባውን በመዳፏ ትመታዋለች፣ «ሸበትክ እኮ! ሸበትክ እኮ!» ትላለች። ከዚያ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ «እናቴን ቁርጥ!» አለችና ወደ ጃፓኗ ልጅ ዞረች። «ይቺስ?»

«እሷም ልጄ ናት» አላት አባቴ። «ያመጣችኝ እሷ ናት።»

ቆሎ በኪሳችን ሞልታ፣ የአውቶቡሱ ጥሩምባ እየጮኸ፣ ለፋሲካ እንደምንመጣ አስምላ ለቀቀችን። ሄደናልም። እስክታርፍ ድረስ አባቴ አንድ ፋሲካ አላሳለፈባትም።

ልጅቷ ትምህርቷን ጨርሳ አገሯ ገባች፣ እሱም ዛሬ የለም። ያን ዕለት ስንመለስ ግን በሁለታችን መሀል ተቀምጦ ነበር፣ ገና ከተራራው ሳንርቅ እንቅልፍ ጣለውና ራሱ በልጅቷ ትከሻ ላይ ዘንበል አለ። እንዳይነቃ ብላ አዲስ አበባ እስክንገባ አልተንቀሳቀሰችም። ስንወርድ አንገቷ አልቃና ብሎ ዘመም ብላ ስትራመድ አያትና፣ «ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?» አላት።

«ደህና ነኝ፣ ጋሼ» አለችው።

እኔም ምክንያቱን አልነገርኩትም። እንደዚያ ተኝቶ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም፤ ከዚያም በኋላ።