ፎርጅድ ሽማግሌዎች

ነገሌ ቦረና ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ስሠራ ከአፌ የማይጠፋው ቃል «ፎርጅድ» ነበር። ሐሰተኛ ዲፕሎማ፣ ስሙ የተፋቀ መታወቂያ፣ ከሻኪሶ የሚመጣ ናስ የተቀላቀለበት ወርቅ፣ ሁሉም ፎርጅድ ነው። እኔ ግን ወረቀትና ወርቅ አልበቃኝም፤ ሰው ላይም ለጠፍኩት። ጾመኛ መስሎ ጓዳ ገብቶ የሚበላው ፎርጅድ፤ በውሰት ኮት ሠርግ ቤት የሚንጎራደደው ፎርጅድ። «አስመሳይ» የሚል ያማረ አማርኛ እያለ ማለቴ ነው። በእንግሊዝኛ ሲሳደቡ የተማረ ሰው ያስመስላላ!

አባቴ ሃምሳ አለቃ ስለነበር ከጦር ሰፈሩ ጀርባ ነው ያደግነው። አንድ እሁድ ለታላቅ እህቴ ሽማግሌ መጣ። ጠያቂው ሻኪሶ ወርቅ የሚቆፍር፣ ወደ አካባቢያችን ከመጣ ዓመት ያልሞላው ወጣት ነው። «አካም! ናጋ?» ብለው ሦስት ሰዎች ገቡ። መሪያቸውን ሳየው ሳቄ መጣ፤ የከብት ገበያው ደላላ ነው፤ ነጭ ጋቢ ደርቦ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ።

«ለመሆኑ የማን ልጅ ነው?» አለ አባቴ።

«ሃምሳ አለቃ፣ የወንድሜ ልጅ ነው። በዚህ ትከሻዬ አዝዬ ያሳደግሁት።»

አላስችል አለኝ። «ፎርጅድ!» ብዬ ጮህኩ። «ይሄ ደላላ ነው! ልጁ አምና የመጣ ነው፤ መቼ አዝሎት ነው?»

ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን አንስተው ወጡ። አባቴ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። የእናቴ ወንድም ተብሎ በእኛ በኩል የተቀመጠው ሰውም በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። እናቴ ጎጃሜ ናት፤ ወንድም የላትም። «ወንድሟ» ከጉራጌ አገር የመጣው ጎረቤታችን ባለሱቅ ነበር፤ የአባቷን ስም እንኳ አያውቅም። እሱ ግን ለእኔ ፎርጅድ አልነበረም፤ ጉርብትና ነበር። እንዲህ ያልኩ ብልጥ ነበርኩ!

ምስጋና ልቀበል ወደ ጓዳ ገባሁ። «ከአጭበርባሪ አዳንኩሽ» አልኳት እህቴን።

አላለቀሰችም። «እናት አባት እንደሌለው የነገረኝ በተዋወቅን ቀን ነው» አለችኝ። «ዘመድ የሌለው ሰው ሽማግሌ ከየት ያምጣ? ደላላውን ቤቱ ድረስ ሄጄ የለመንኩት እኔ ነኝ። የሚናገረውንም ያስጠናሁት እኔ ነኝ። ልጁማ ውሸት አልወድም ብሎ ስንት ቀን አስቸግሮኛል።»

በማግስቱ ጠዋት ልጁ ወደ ሻኪሶ ሊመለስ መሆኑን ሰማን። እህቴ መናኸሪያ ልትደርስበት ነጠላዋን ስታነሳ አባቴ በሩን ቆለፈባትና ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። ያን ጊዜ ሁሉንም አውቅ ነበር፤ ማን እንደዋሸ፣ ለምን እንደዋሸ። «አባዬ፣ ተሳስቻለሁ» ማለት ግን ሞት መሰለኝ። ሚኒባሱ እስኪወጣ ድረስ ቁልፉን ይዤ ደጁ ላይ ተቀመጥኩ። እህቴ ከውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ «እባክህ» አለችኝ፤ ያልሰማሁ መሰልኩ።