ለእትዬ ደብሪቱ የተሠራች ጋሪ

ከደብረ ብርሃን የተነሣሁት ጥር ውስጥ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ረቡዕ፣ ውርጩ ሣሩን ሳይለቅ ነው። ጉዞዬ እንደ ወትሮው ለበግ ቆዳና ለሱፍ አልነበረም። ከመንዝ ጓሳ ሜዳ ማዶ የምትኖረውን ታላቅ እህቴን፣ እትዬ ደብሪቱን፣ ሐኪም ቤት ላመጣት ነበር። እናታችን ስትሞት አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሆዷ ካበጠ ወር ማለፉን፣ በቅሎ ላይ ሲያወጧት ከሕመሙ ብዛት እንደምትጮህ፣ በቃሬዛ ለመሸከም ደግሞ መንገዱ እንደራቀ ገበያ ላይ አንድ የአገሬ ሰው ነገረኝ። የዚያኑ ዕለት የያዝኩትን ቆዳ በርካሽ ጥዬ ሞተር ብስክሌቴን እየገፋሁ ወደ በያጁ ሄድኩ።

ሞተሯ ጣሊያን ጥሏት የሄደች ናት። የሸጠልኝ ሰው «እንደ ፈረስ ትታዘዛለች» ብሎኝ ነበር፤ የምን ዓይነት ፈረስ እንደሆነ ግን አልነገረኝም። እስካሁን ኋላዋ ላይ ቆዳ ስጭንባት ኖሬአለሁ። አሁን ሰው ተኝቶ የሚሄድባት መሆን ነበረባት። በያጁ ጋሽ በላቸው የአልጋ ብረት ቆርጦ በቀኝ ጎኗ በየደልኝ። ሦስተኛ ጎማ ከወደቀ ተሳቢ ፈታን፤ እንዳያናውጣት ከሥር የመኪና ወንበር ሞላ አስገባን። ጠፍሩን ራሴ ወጠርኩት፤ ቆዳ ከሆነ ማንም አይቀድመኝም።

ጋሽ በላቸው ሥራውን ዞሮ ዞሮ አየውና፣ «ይህቺ እንግዲህ የቀራት ዘውድ ብቻ ነው» አለ።

«ፍሬኗስ?»

«እሱ ከዘውዱ ጋር ይመጣል።»

እስከ መዘዞ

በአስፋልቱ ላይ እስከ ጣርማ በር ደህና ሄድኩ። ችግሩ ባዶዋ ጋሪ ወደ ቀኝ መጎተቷ ነው፤ አንዱ በሬ ያኮረፈበት ጥማድ እንደማረስ ነበር። አስፋልቱን ለቅቄ ወደ መንዝ ስታጠፍ ድንጋዩ ጀመረ። የጋሪው ብረት ሁለት ጊዜ ከብየዳው ተላቀቀ፤ በጠፍር አሰርኩት። ጎማው ሁለት ጊዜ ተነፈሰ፤ የያዝኩትን ልጣፊና ማጣበቂያ ሁሉ በልቶ ዝም አለ።

መዘዞ ጠላ ቤት በር ላይ አንድ በቅሎውን የያዘ ባላገር ቆሞ ሲመረምረኝ ቆየ።

«ምን ትበላለች?» አለኝ።

«ቤንዚን።»

«ስትቆምስ?»

«ስትቆም አትበላም።»

«ከኔዋ ትሻላለች እንግዲያ። የኔዋ ቆማም ትበላለች።» ትንሽ አሰበና፣ «ግን ስትሞት ቆዳዋ ይሸጣል?» አለ።

ቆዳ ነጋዴ መሆኔን ማን እንደነገረው አላውቅም። ጠላውን እኔ ከፈልኩ፤ በአሥር ሳንቲም እንደዚያ ያለ ነገር አይገኝም።

መሐል ሜዳ

ሐሙስ ማታ መሐል ሜዳ ገባሁ። በበርሜል የመጣ ቤንዚን ደብረ ብርሃን ከሚሸጥበት እጥፍ አስከፈሉኝ። የጎማ ልጣፊ አለ ወይ ብዬ ሱቁን ሁሉ አዳረስኩ። አንዱ ባለ ሱቅ ጨው፣ ክብሪትና ፋኖስ ደርድሮ፣ «እዚህ አገር የሚተነፍስ ከብት ብቻ ነው፤ ለእሱ መድኃኒት አለኝ» አለኝ። ሃምሳ ሳንቲም ከፍዬ አደርኩና በማለዳ ጓሳውን አቋረጥኩ። እግዜር ይስጠው፣ ጎማው የዚያን ዕለት አልተነፈሰም።

እትዬ ቤት

አርብ ቀትር ላይ ደረስኩ። ቤቷ ስገባ ፀሐይ በጣራው ቀዳዳ ወርዳ ወለሉን ጠቃጥቃዋለች። ክዳኑ በስብሷል። ጓሳው ከተዘጋ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። በመንዝ የቤት ክዳን የሚሆነው ይህ ረጅም ሣር የሁሉ ስለሆነ ሽማግሌዎች ሲመካከሩ ይዘጋል፤ እንዲያገግም። ሲዘጋ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይማማሉበታል፣ ካህኑ ይገዝትበታል። እስኪከፈት አንድ ጭብጥ የነካ ከሰው ይለያል፤ ቢሞት እንኳ ከሰው ጋር አይቀበርም።

እትዬ ሆዷ ብቻ ቀርቷል፤ ፊቷ አጥንት ሆኗል። ጎረቤቶቿ ደግፈው አውጥተው ጋሪዋን አሳዩዋት።

«ይኼን የሠራኸው ለኔ ነው?»

«ላንቺ ነው።»

«አስጊጠህ ገበያ ልታወጣኝ ነዋ! ማን ይገዛኛል፣ ወንድምዓለም? ጥርሴን ካዩ ይመልሱኛል።»

ጎረቤቶቿ ሳቁ። አንዷ ግን ሳቋን ሳትጨርስ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ጓሳ

ቅዳሜ ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። በሁለት ጋቢ ጠቅልዬ በጠፍር አሰርኳት። ወደ ጓሳው ስንወጣ ታቃስት ነበር፤ ሜዳው ላይ ስንደርስ ግን ሞላው ሥራውን ሠራ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር መንቀሉን ትተው ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«እያቸው» አለች፤ «ዘመዶችህ አድገሃል እያሉ ነው።»

ሳቀች። እኔም ደስ አለኝ፤ በሁለት ቀን ሐኪሙ ፊት አደርሳታለሁ ብዬ ልቤን ሞላሁ። ሦስት ሰዓት ገደማ የሾለ ድንጋይ የጋሪውን ጎማ ሰነጠቀው። የውስጡ ላስቲክ በስንዝር ተተርትሯል፤ ልጣፊ ቢኖረኝም አይረባም ነበር።

እትዬ አሸልባለች። ጎማ በሣር ጠቅጥቀው የሚነዱ ሾፌሮች አውቃለሁ። ዙሪያዬን አየሁ፤ እስከ ሰማይ ድረስ ሣር ነው። የመንዝ ልጅ ነኝ፣ ሕጉን አላውቅም ብል ውሸት ነው። ግን ለአንድ ጎማ የሚሆን ሣር ከዚህ ሁሉ ምኑ ይጎድላል አልኩ። ሰንጢዬን አወጣሁ፤ ጠቀጠቅሁት፤ ተነሣን። እንዲያውም ከነፋሱ ጎማ የተሻለ ነበር።

ብዙ ሳንርቅ፣ «አቁም» አለች። ነቅታ ከጎማው ጠርዝ የሾለከውን ሣር እያየች ነው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«እትዬ፣ ዝም ብለሽ ተኚ። ስትድኚ እኔ ንስሐ እገባለሁ።»

«ሦስት ክረምት ጣራዬ ሲያፈስብኝ አንድ ጭብጥ ያልነካሁ ሴት፣ ለጎማህ?» ድምፅዋ ቀጭን ነበር። «አውጣው። በግዝት ተጭኜ ሐኪም ቤት አልሄድም።»

«ሞትሽን ነው የምትፈልጊው?»

«አፈር እንኳ ከሰው ጋር ልቅመስ፤ አውጣው።»

ስንከራከር ሁለት ፈረሰኞች ብቅ አሉ፤ የጓሳው ጠባቂዎች ናቸው። ሣሩን ከገበያ ገዝቼ ነው የምል ውሸት አፌ ላይ ተዘጋጅቷል፤ ይህን ያህል ዓመት የነገድኩት በከንቱ አይደለም። አፌን ሳልከፍት እትዬ ቀደመችኝ።

«ወንድሜ ነው። ቆርጧል።»

አንደኛው ጠባቂ፣ ወንድይራድ የሚባለው፣ ከፈረሱ ወርዶ አጠገቧ ተንበረከከ። «እናቴ፣ ምነው ዝም ባሉ? እኔ እኮ አላየሁም ነበር። አሁን ሰማሁ፤ እኔም የማልኩ ነኝ።»

«እሱን ነው የምለው፣ ልጄ። ሁላችንም የማልን ነን።»

ጓደኛው የጓሳውን አለቃ ሊጠራ ጋለበ። አለቃው እስኪመጣ ከተያዝንበት ንቅንቅ የለም። ሣሩን ከጎማው አውጥቼ ክምር አደረግሁት፤ እንዴት ትንሽ ነበር! ከነፋሱ በሞተሯ ከለልናት። ወንድይራድ ጋቢውን ጨመረላት፣ በሶ በጥብጦ አቀመሳት፤ አስመለሳት። እኔ ፀሐይዋን ሳይ ዋልኩ።

አለቃው ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በበቅሎ ደረሱ። ሽበታም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ክምሩን አዩ፣ ጎማውን በዘንጋቸው ነካ አደረጉት፣ እትዬን አዩ። ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች።

«ትከሻህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«በርኖስ ነው፣ ጌታዬ።»

«ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። ፍርዱ እህቴን አድርሼ ስመለስ እንዲሆን አዘው፣ ሂድ አሉኝ።

በሰንጢዬ ያን ጥቁር በርኖስ ቆራርጬ ጎማው ውስጥ ጠቀጠቅሁት። ልክ ሞላው። ስድስት ሰዓት ሙሉ ለብሼው ቆሜአለሁ።

ጠባቂዎቹም አለቃውም ሊሸኙን ተከተሉን። የሜዳው ጫፍ ስንቃረብ፣ «ወንድምዓለም፣ ሕመሙ ተወኝ» አለች። ደስ ብሎኝ ነዳጅ ጨመርኩ። ሞተሯ ስለምትጮህ ሌላ ነገር ተናግራ እንደሆነ አልሰማሁም። ዞሬ ሳያት ዓይኗ ተከፍቷል፤ አቧራ ሲገባበት አልጨፈነችውም።

ሞተሩን አጠፋሁ። ወንድይራድ ፈረሱ ላይ ሆኖ ጮኸ። አለቃው ወርደው ዓይኗን ከደኑላት። ወደ ደብሯ ለመመለስ ሞተሩን ላስነሣ ስል እጄን ያዙኝ፤ «ሬሳ በዚህ ጩኸት አይሄድም» አሉ። እኔ መሪውን ይዤ፣ ሦስቱ ከኋላ እየገፉ፣ ጓሳውን እንደገና አቋረጥን። አለቃው እኩል ገፉ። ከቀበሌዋ የወጣው ሰው በመንገድ አገኘንና ጋሪዋን ከእጃችን ሲቀበለን ለቅሶው ጀመረ። እሑድ ተቀበረች። ካህኑ ከግዝቱ ሲፈቱኝ አለቃው ከጎኔ ቆመው ነበር፤ ሌላ ቅጣት አልጠየቁም።

ደብረ ብርሃን

ረቡዕ ቤቴ ገባሁ። ከዚህ መንገድ የተማርኩትን ሰው ቢጠይቀኝ፣ የቸገረው ሰው እጅ የራሱን ትከሻ ዘሎ ወደ ሕዝብ ንብረት እንደሚሮጥ ነው የምለው። ክፋት እንኳ አይደለም፤ የራሱ ነገር አይታየውም። ይህን ለማወቅ ግን ሌላ መምህር ቢገኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሕመሙ በድንገት የተወው ሰው ነገሩ ምን እንደሆነ፣ እነዚያ ስድስት ሰዓታት ባይባክኑ ትደርስ እንደነበር ልጠይቅ። እኔ ራሴ አስቤዋለሁ፤ ባንቆም ኖሮ እሷ ባረፈችበት ሰዓት ከመሐል ሜዳ ብናልፍ ነው፤ ከመዘዞ ወዲያ የአንድ ቀን መንገድ ይቀራል። ሐኪሙ ግን ቁርጡን ያውቃል። አግዳሚው ላይ ተራዬን ጠበቅሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ዋጋውን ሳልጠይቅ ያለፍኩት ዕቃ የለም።

በሩ ተከፈተ። «ምንህን አመመህ?» አለኝ ሐኪሙ።

«ደህና ነኝ፣ ጌታዬ» ብዬ ተነሥቼ ወጣሁ።